መስታወቱ ላይ የተለጠፈው «ሉዎ እንናገራለን»

«ምን አሉ?» አለች አክስቷ፣ የክኒኑን ፓኬት በእጇ እንደያዘች።

ፕሮፌሰር አሮጊቷን አየቻቸው። ይህን ስም ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ የሉዎ ቋንቋዎችን ካርታ ሠርታ ከሃያ ሃያ ካገኘች ወዲህ። ነጭ ዓባይ ዳር ካለው ከሺሉክ ጀምራ፣ በአባቷ ቋንቋ በአኙዋክ በኩል፣ ወደ ደቡብ አቾሊንና አሉርን አልፋ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር እስካለው ዶሉዎ ድረስ ሁሉንም አንድ አረንጓዴ ቀብታዋለች። «አንድ ቤተሰብ ነን» እያለች ስትጎርር ሰነበተች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የአክስቷ መድኃኒት ቤት መስታወት ላይ «ሉዎ እንናገራለን» የሚል ወረቀት ለጠፈች። አሮጊቷንም ያመጣቸው ይኸው ወረቀት ነው፤ ማስታወቂያውን ያየ የታክሲ ሾፌር እበሩ ላይ አውርዷቸው ሄደ።

ጉልበታቸውን እንዳመማቸው ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልግም ነበር፤ በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ችግሩ የመጣው አክስቷ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ ስታስጠይቅ ነው። ፕሮፌሰር በአኙዋክ ጠየቀች፤ አሮጊቷ በራሳቸው ቋንቋ ረጅም መልስ ሰጡ። እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ያዘች፤ የቀረው አመለጣት።

«የለም አሉ» አለች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሷ ግን ወዲያው ታወቃት። አክስቷ ፓኬቱ ላይ «በቀን ሁለት» ብላ ጻፈች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እኚህ ሴት ግን ክኒኑን ሊውጡት ነው።

«አክስቴ፣ ቆይ። አትስጫቸው።»

«ምነው?»

«ያሉት አልገባኝም። ዝም ብዬ ነው የለም ያልኩት።»

አክስቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሉዎ አይደለም እንዴ የሚናገሩት?»

«ነው። ግን የሳቸው የደቡቡ ነው፣ አቾሊ መሰለኝ። የኛ የሰሜኑ ነው። ዘመድ ነን እንጂ…»

«ዘመድማ እኔና የባሌ እናትም ዘመድ ነን። አንድ ቀን ተግባብተን አናውቅም።»

ፕሮፌሰር ለመሳቅ አልቻለችም። እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የስልክ ምልክት አሳየቻቸው። አሮጊቷ ከቦርሳቸው ስልክ አውጥተው ለልጃቸው ደወሉና ለአክስቷ አቀበሏት፤ ቀድሞም እንዲህ ማድረግ ይቻል ነበር።

«የልብ መድኃኒት አላት፣ ደም የሚያቀጥን» አለ ልጃቸው በአማርኛ። «ዛሬ ጠዋትም ወስዳለች።»

አክስቷ ፓኬቱን ወደ መደርደሪያው መለሰችው። «ይሄን በዚያ ላይ ቢወስዱት ኖሮ ሆዳቸው ውስጥ ሊደሙ ይችሉ ነበር» አለችና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። የሚስማማቸውን ፓራሲታሞል አውጥታ አወሳሰዱን ልጃቸው በስልክ እንዲነግራቸው አደረገች። «አንቺ ደግሞ ቁጭ በይ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ፕሮፌሰር ካርቶን ላይ ዘጭ አለች። እፎይታው እንባ እንባ አላት።

አሮጊቷ ክኒኑን መዳፋቸው ላይ ይዘው ዙሪያቸውን ቃኙና «ፒ» አሉ።

ብድግ አለች። ፒ በአባቷም ቤት ውሃ ነው። ብርጭቆውን ሞልታ ሰጠቻቸው። ጠጥተው ሲያበቁ ጉንጯን ይዘው ሌላ ረጅም ነገር ነገሯት። አንዱም አልገባትም፤ አሁን ግን አልገባኝም ለማለት ራሷን ወዘወዘች። አሮጊቷ ከት ብለው ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

እሳቸው እንደሄዱ ወረቀቱን ላጠችው። ገልብጣ «አኙዋክ እንናገራለን፤ ለሌላው እንደውላለን» ብላ ጻፈች።

«ካርታሽስ?» አለች አክስቷ።

«ነገ ለመምህሩ እነግረዋለሁ። ሰሜኑን ደማቅ፣ ደቡቡን ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ አደርገዋለሁ።»

«ከሃያው ቢቀንስብሽስ?»

«ይቀንስ» አለች፣ ፕላስተሩን በጥርሷ እየቆረጠች።