ለላቀው ባትሪ የያዘለት

እኔን አፈር ይብላኝ አንዲት ቃል ውሸት ካለበት! ነፍሴን ይንሳኝ! እዚሁ በተቀመጥኩበት ጎማ ላይ ድርቅ ልበል። ከላቀው ከራሱ አፍ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ጠጋ በሉ። ናዳው መንገዱን ዘግቶታል፤ እስኪነጋ የትም አትሄዱም። አንተ ከሰዎቹ ጀርባ ባትሪ የያዝከው፣ ዐይኔ ላይ አታብራብኝ፤ ወደ መሬት አድርጋት። እንዲያ። ተባረክ።

ድሮ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ጨረቃ የለችም። ከአንዲት መንደር ወጥቶ ወደ ትልቁ ቁልቁለት የሚወስድ መንገድ ነበረ፤ በሌሊት ሰው አይሄድበትም፣ ውሻ አይጮህበትም። የመንደሯን ስም አልጠራም። ከጠራኋት ትሰማኛለች።

በዚያች መንደር ላቀው የሚባል መካኒክ ነበር። እንዴት ያለ መካኒክ መሰላችሁ! ወንዝ ወርዶ እጁን ሲታጠብ ውሃው ይጠቁር ነበር። ታች ያሉት ሰዎች «ዛሬ ላቀው ታጥቧል» ብለው እንስራቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር።

የዚያን ዕለት ላቀው ደክሞታል። ድካም ታውቃላችሁ? አታውቁም። የላቀው ድካም ሌላ ነው። ሲሠራ ሰንብቶ፣ ጥላው እንኳ ቀድሞት ተኝቷል። ገና ጎኑን ሊያሳርፍ ሲል ኢድሪስ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር መጣና በሩን ደበደበ።

«ላቀው ወንድሜ፣ መኪናዬ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆማ ቀረች።»

«ምን ሆነች?»

«ነጭ ጭስ ትተፋለች። ራዲያተሯ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ዘይቷ ወተት መስሏል።»

«ጓርኒሲዮኗ ተቃጥሏል በለኛ። ነገ አይሆንም?»

«የጫንኩት ጎመን ነው እኮ! ነገ ፀሐይ ካገኘው ቆላ የሚደርሰው ወጥ ሆኖ ነው።»

ላቀው ሳቀ። የደከመው ሰው ሳቅ ከልቅሶ አይለይም። ቁልፎቹን ተሸክሞ ወጣ።

ሾፌሮቹ ታውቁታላችሁ፤ ለተሳፋሪዎቹ ልንገራችሁ። የሞተሩ ራስ ቴስታታ ይባላል። በራሱና በገላው መሃል ቀጭን ልባስ ትተኛለች፤ ጓርኒሲዮን የምትባለው እሷ ናት። እሳቱን ከውሃው፣ ውሃውን ከዘይቱ የምትለየው እሷ ናት። እሷ ከተቃጠለች ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ይጠፋል። ሞተሩ ከጠፋ ለፍሬኑ አየር የሚሞላለት የለም። አየሩ ካለቀ ምን ይቀራል? ገደሉ ይቀራላ!

አፋፉ ላይ ደርሰው አሮጌውን ጓርኒሲዮን ነቀሉ። ፊቱን ፍቀው አጸዱ። አዲሱን አስተኙ። ቴስታታውን በገመድ አንስተው መለሱ፤ ክብደቱ የአንድ በሬ ነው፤ ያውም በሬው ጠግቦ። ከዚያ ላቀው እንዲህ አለው፦

«ኢድሪስ፣ መንደር ገብተህ ተኛ። ጠዋት የምትወርደው አንተ ነህ። እንቅልፋም ሾፌርና ሰካራም አንድ ናቸው።»

ኢድሪስ ሄደ። ላቀው ብቻውን ቀረ። ብቻውን!

ይኸኔ ከጫካው አንድ ጅብ መጣ። ጥጃ የሚያክል ጅብ። ላቀውን አየው፤ ላቀውም አየው። «ብላኝ፤ ግን ብሎኑን እስካጠብቅ ታገሠኝ» አለው። ጅቡ ፊቱን ትክ ብሎ አይቶ አዘነለትና ተመለሰ። ትስቃላችሁ? ሳቁ፣ ሳቁ።

ብሎን ሲጠበቅ ሥርዓት አለው። ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር ይኬዳል። በመጀመሪያው ዙር ላላ፣ በሁለተኛው ጠንከር፣ በሦስተኛው ቁልፉ «ቀጭ» እስኪል። ላቀው የመጀመሪያውን ዙር ጨረሰ። ሁለተኛውን ጀመረ። አጠገቡ ያስቀመጠው ባትሪ ደከመ፣ ቀላ፣ ጠፋ።

ጨለማ ሆነ።

ከዚያ ከመንገዱ ላይ አንድ ብርሃን መጣ። ቀስ እያለ መጣ። የእግር ኮቴ ሰማ? አልሰማም። ብርሃኑ ትከሻው ላይ ደርሶ ቆመና ሞተሩ ላይ በራ።

«ተኛ አላልኩህም እንዴ ኢድሪስ?» አለ ላቀው ዞር ሳይል። «ትንሽ ወደ ግራ አድርጋት።» ብርሃኑ ወደ ግራ ሄደ።

«ከመሃል ጀመርክ?» አለ ከብርሃኑ ኋላ አንድ ድምፅ።

የኢድሪስ ድምፅ አይደለም። እንፋሎት በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። መፍራትም ጉልበት ይጠይቃል፤ ላቀው ግን ጉልበት አልነበረውም። መንገደኛ ነው ብሎ አሰበ።

«ከመሃል ካልጀመርኩ ከየት ልጀምር?» አለ።

ማጅራቱ ላይ ጠብታ አረፈች። ዝናብ ይሆናል አለ። ሌላ አረፈች። ሞቃት ናት። እስቲ ንገሩኝ፣ የሚሞቅ ዝናብ አይታችኋል? እኔም አላየሁም።

ሁለተኛው ዙር አለቀ። ሦስተኛውን ያዘ። ቀጭ። ቀጭ። ክንዱ ዛለ። በመጨረሻ አንድ ብሎን ቀረ፤ ጥጉ ላይ፣ ከጋቢናው ግድግዳ ሥር፣ እጅ የማይገባበት። ላቀው ቁልፉን አንድ ጊዜ ሞከረ። አልገባለትም።

«ይበቃዋል» አለ።

ብርሃኑ ከብሎኑ ላይ ንቅንቅ አላለም።

«አንሳው ወንድሜ። ጨርሻለሁ።»

«አልጨረስክም።»

«ሁለት ዙር ጠብቋል። ይበቃዋል አልኩህ!»

«ለእኔም ይበቃዋል ብለውኝ ነበር» አለ ድምፁ።

«እነማን?»

«አንተ ያኔ አልተወለድክም። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ጠፋ። አየሩ አለቀ። ፍሬኑ እምቢ አለኝ። ይኸው እስካሁን እየወረድኩ ነው፤ አልደረስኩም። ደከመኝ ትላለህ አንተ?»

ላቀው ዞረ። ባትሪውን አየ። ባትሪውን የያዘውን እጅ አየ። ከእጅጌው ውሃ ይንጠባጠባል። ከእጅጌው በላይስ? ከእጅጌው በላይ እንፋሎት ብቻ ነበር። ነጭ እንፋሎት።

ለመሮጥ አሰበ። ኋላ ግን ጠዋት ጎመኑን ጭኖ የሚወርደው ኢድሪስ ትዝ አለው። ቁልፉን አነሳ። በደረቱ ሞተሩ ላይ ተኛ፣ ክንዱን እስከ ብብቱ ከተተ፣ ቆዳው ተላጠ። ገፋ። ገፋ። ገፋ።

ቀጭ!

ብርሃኑ ጠፋ። ላቀው እዚያው በተኛበት እንቅልፍ ወሰደው። ሲነጋ ኢድሪስ ቀሰቀሰው፤ ሞተሩን አስነሥቶ ሞክሮ፣ አመስግኖት ወረደ።

ማታ ከቆላ የወጣ ሾፌር ላቀው ቤት ቆመ። «ኢድሪስ ሰላም ብሎሃል። መኪናዋ እንደ ሙሽራ ነው የወረደችው። ግን ያሳፈርክልኝ ሰውዬ ማነው ይልሃል።»

«ምን ሰውዬ?»

«አፋፉን እንዳለፈ ዞር ሲል ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ተቀምጧል አሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ‹ደረስኩ› አለ። ኢድሪስ ቢያየው የለም። ወንበሩ እስካሁን አልደረቀም።»

እፎይ አላችሁ አይደል? ላቀውም እፎይ ብሎ ነበር። ግን ልጆቼ፣ በዚያ ቁልቁለት ይበቃዋል የተባለው እሱ ብቻ ነው? ስንቱ ገና እየወረደ ነው? ስለዚህ በሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ። ብሎን ሲቀራችሁ ይበቃዋል አትበሉ።

በሉ አሁን ተኙ። አንተ፣ ባትሪዋን ወዲህ አምጣት። አምጣት እንጂ! ምነው ቆመህ ቀረህ?

ቆይ። ሾፌሮቹ እዚህ ናችሁ። ተሳፋሪዎቹም ከፊቴ ናችሁ። ታዲያ ከጀርባችሁ ቆሞ፣ እጁ አንዴም ሳይንቀጠቀጥ፣ ይህን ሁሉ ሰዓት ባትሪ የያዘልን ማነው?

አትዙሩ!

...እሺ፣ እሺ፤ ዝም በሉ፣ አትጩኹ። አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ፤ እናዘዛለሁ። ጅቡ ውሸት ነው። በዚያ መንገድ ጅብ ዝር ብሎ አያውቅም። ለምን ዝር እንደማይል ግን አሁን ገብቷችኋል።