ሃምሳ ሲባዛ በሰማንያ

መርማሪ ዞርኒትሳ ካሌቫ ስትደርስ የሒሳብ መምህሩ ኦግኒያን ከጠረጴዛው ጀርባ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ማጅራቱን የመታው የምድጃ መቆስቆሻ አጠገቡ ወድቋል። ግራጫ ጋዋኑ ግን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሰሌዳው እንዲህ ይላል፦

5 × 8 = 40
5 × 80 = 400
50 × 80 = 400

«ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በበሩ መስታወት አይቼዋለሁ» አሉ ዘበኛው ጋሽ ሚንቾ። «ጋዋኑን ለብሶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይጽፋል። አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት።»

ዞርኒትሳ ጎንበስ ብላ የሟቹን ጣቶች አየች። የጠመኔ ብናኝ አልነካቸውም። የጋዋኑ እጅጌ ግን ነጭ በነጭ ነው።

ያ ቀን የማጠናከሪያ ትምህርት ብቻ የሚሰጥበት ቅዳሜ ስለነበር ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሟቹ ሌላ የነበሩት መምህራን ሦስት ብቻ ናቸው። የሒሳብ መምህርቷ ራሊትሳ አላቅማማችም።

«እቀናበት ነበር፤ ምን እደብቃለሁ? አሥር ዓመት የለፋሁበትን ክፍል ነጥቀው ሰጡት። እስከ ዘጠኝ አስተማርኩ፤ ከዚያ ብቻዬን ቤተ መጻሕፍት ገባሁ።»

«ማን አየዎት?»

«መጻሕፍቱ።»

የሁለተኛ ክፍሏ መምህርት ስቴፍካም እስከ ዘጠኝ ከተማሪዎቿ አልተለየችም፤ ሌላው ቃሏ እንባ ነበር። ባሏ ቬሊን፣ የስፖርት መምህሩ፣ ደረቱን ነፋ።

«ሠላሳ ልጆች ከዘጠኝ ከሩብ እስከ አሥር ኳስ አጫውቻለሁ። ይልቅ ይቺን ምቀኛ ራሊትሳን ያዟት!»

ዞርኒትሳ ሁሉንም ሰሌዳው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ይህን የጻፈው ሟቹ አይደለም። አምስት ጊዜ ስምንት አርባ ነው። ስምንቱ ሰማንያ ሲሆን መልሱ አሥር እጥፍ ያድጋል፣ አራት መቶ። አምስቱም ሃምሳ ሲሆን እንደገና አሥር እጥፍ፣ አራት ሺህ። ኦግኒያን ይህን በየቀኑ የሚያስተምር ሰው ነው። ዜሮ ብቻ የሚቆጥር ሰው ግን ሃምሳና ሰማንያ ላይ ሁለት ዜሮ አይቶ፣ መልሱም ላይ ሁለት አስቀምጦ ይሄዳል። አርባ የራሱ ዜሮ እንዳለው አያስታውስም።»

«ታዲያ እኔ ያየሁት ማንን ነው?» አሉ ጋሽ ሚንቾ።

«ገዳዩን። ሟቹ በሕይወት ያለ እንዲመስል ጋዋኑን ለብሶ ነበር። እንግዲህ ግድያው ከዘጠኝ በፊት ነው። ያኔ ሁለቱ ሴቶች ተማሪዎቻቸው ፊት ነበሩ። ሥራ ያልነበረህ አንተ ብቻ ነህ፣ ቬሊን።»

የቬሊን ፊት በርበሬ መሰለ። ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ሁለት ወር ሙሉ! ሁለት ወር ከእሱ ጋር በር ዘግተሽ! ዕውር መሰልኩሽ?»

«ሒሳብ ነው ያስጠናኝ» አለች ስቴፍካ። «ልጆቹ ሲጠይቁኝ መልሱ ይጠፋኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትስቅብኛለህ ብዬ ፈራሁ።»