የግራሶው ቀዳዳ

እምሩን የሰደበው ፍስሃ ነው። ቀኑ ጥር አሥራ ሦስት፣ ሰዓቱ አሥር ተኩል። ጋራዡ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱ ስቀዋል። እምሩ እነማን እንደሳቁ አልረሳም።

«አንተ እኮ ልክ እንደ ግራሶ ፓምፕ ነህ፣» ነበር ያለው ፍስሃ፤ «ካልተጫኑህ አትሠራም!»

ከዚያ ቀን ወዲህ እምሩ አራት መልሶች አዘጋጅቷል። አንዱን ያገኘው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። ግን እንዴት አድርጎ ይመልሳል? ፍስሃ የጋራዡ ዋና መካኒክ ነው። እምሩ ገና ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ እየመጣ ግራሶ ይሞላል።

አሁን ደግሞ ይባስ ብሎ ጀልባዋ ጮኸች።

ጀልባዋ ከላንጋኖ በጭነት መኪና የመጣች ናት። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ ሚኒባስ ብቻ የሚጠገንበት ጋራዥ በር ላይ ስትቆም መንገደኛው ሁሉ ሙድ ያዘባቸው። «ከድልድዩ ሥር ልታንሳፍፏት ነው እንዴ?» ያላለ የለም። ሞተሯ ሆዷ ውስጥ ነው፤ ማርሹና ፕሮፔለሩ ግን ከኋላዋ ወደ ውጭ ተንጠልጥለዋል። ሞተሩና ማርሹ የሚገናኙበትን ትልቅ ኩሽኔታ ፍስሃ በአዲስ ቀየረው፤ እምሩ ግራሶ ሞላው።

ቅዳሜ ጠዋት ፕሮፔለሩን ውሃ በሞላ በርሜል ነክረው ሞተሩን አስነሡ። ቀጥ ሲል ደህና ነው። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩት ግን አጥንት እንደሚቆረጥም ውሻ «ግርርር» አለ።

«ግራሶ አልሞላማ!» አለ ፍስሃ ወዲያው። «ስልኩን ሲጎረጉር እየዋለ!»

የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ወልደገብርኤል መነጽራቸውን ከፍ አድርገው እምሩን አዩት። «የጀልባዋ ባለቤት ወይዘሮ ትርሓስ ስምንት ሰዓት ላይ ሊወስዷት ይመጣሉ። ጥፋቱ ያንተ ከሆነ፣ ልጄ፣ ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ባትመጣ ይሻላል።»

«ሞልቻለሁ፣ ጋሼ፣» አለ እምሩ።

እምሩ ረጅሙን ካቻቢቴ አነሣ። ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ ይህን ያስተማሩት ራሳቸው ጋሽ ወልደገብርኤል ናቸው። ሞተሩ ላይ፣ ደህና። ማርሹ ላይ፣ ደህና። አዲሱ ኩሽኔታ ጋ ሲደርስ ጆሮው ውስጥ አሸዋ የፈሰሰ መሰለው።

ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑን ገጥሞ ተጫነው። ግራሶው አልገባም፤ ከመግቢያው ዙሪያ ተመልሶ ወጣ። ባለፈውም እንዲሁ ወጥቶ ነበር። እምሩ ያኔ የሞላ መስሎት ጠርጎት ሄደ።

«ጋሼ፣ ይምጡ እስቲ። የግራሶው መንገድ ተዘግቷል።»

ፈቱት። ኩሽኔታው ደረቅ ነው። ጎኑ ላይ ግራሶ የሚገባበት ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ከፓምፑ መግቢያ ጋር መገጣጠም ሲገባው ወደ ሌላ ወገን ዞሮ ተቀምጧል። የሚኒባስ ኩሽኔታ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም፤ ዞሮም ቢገባ ግድ አይሰጥም። ፍስሃም እንደለመደው መትቶ አስገብቶታል።

ጋሽ ወልደገብርኤል በጣታቸው አሽከረከሩት። «ደግነቱ አልተበላም።» ፍስሃን አዩት። ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው ለእምሩ ሰጡት።

እምሩ በኩሽኔታው ጠርዝ ላይ ከቀዳዳው ትይዩ መስመር አሠመረ። ፍስሃ መስመሩን ከፓምፑ መግቢያ ጋር እያገጣጠመ ኩሽኔታውን መለሰው። አሁን ፓምፑ ሲጫን ግራሶው ዝም ብሎ ገባ።

ሞተሩን አስነሡ። ወደ ቀኝ። ወደ ግራ። የሚሰማው የውሃው መንቦጫረቅ ብቻ ነው።

«ሰኞ ስትመጣ በልክህ ቱታ ትወስዳለህ፣» አሉት ጋሽ ወልደገብርኤል።

ፍስሃ ዙሪያውን ቃኘ። ሲሰድበው የነበሩት አምስቱም አሉ። «ዕድል ነው ባክህ! ፓምፑ ዛሬስ ሳይጫኑት ሠራ!»

አንድ ሰው ብቻ ሳቀ። ሌሎቹ የእምሩን መልስ ጠበቁ።

አራቱም መልሶች ምላሱ ላይ መጡ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያገኘው ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ፍስሃ ፈገግ ብሏል፤ እጁን ግን ከጸዳም በኋላ በጨርቅ ደጋግሞ ይጠርገዋል።

እምሩ ካቻቢቴውን ቦታው ላይ ሰቀለ። ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ድልድዩ ወጣ። ከኋላው መሪውን እንደገና ወደ ግራ አዞሩት። ቆም ብሎ አዳመጠ።

ምንም የለም። መንገዱን ቀጠለ።