የዓባይነህ ስድስት ጎራሽ

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤዚ ከሥራ ስትመለስ ባሏ ዓባይነህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ላንድማርክ ሰፈር ባለው አፓርትመንታቸው ሳሎን ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ በጥይት ተመትቶ ሞቶ አገኘችው። ጥይቱ የገባው በቀኝ ጆሮ ግንዱ ነው። ሽጉጡ ቀኝ እጁ ውስጥ ነበር። በር አልተሰበረም፤ ከቤቱ የጠፋ ነገርም የለም። ሰኞ ዕለት ዲቴክቲቩ «ራሱን አጥፍቷል» ብሎ ወረቀቱን ፈረመ። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ከሰበካ ጉባኤው መልእክት መጣ፤ ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት አይደረግም።

ቀብሩ ረቡዕ ነው። ቤዚ መልእክቱን ሰምታ አላለቀሰችም። ስልኳን አንሥታ ዘይነብ ዘንድ ደወለች።

«እትዬ ዘይነብ፣ ባሌን ያለ ፍትሐት አልቀብረውም። ራሱን አልገደለም። ነይልኝ።»

ዘይነብ የወሎ ልጅ ናት። ቤዚ ክፍል በምታጸዳበት የአሌክሳንድሪያ ሆቴል ውስጥ በጥበቃ ትሠራለች። አሜሪካ ከመግባቷ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች። የሆቴሉ አለቃ ይህን አያውቅም፤ አልጠየቃትም፣ እሷም አልነገረችውም። የሰው ሻንጣ ስትጠብቅ የከረመች ዐይን ትዶለዱማለች ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። ለአለቃዋ «ለቅሶ አለብኝ» ብላው ወጣች፤ ፈቃዱን ግን አልጠበቀችም።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰፊ ኮፍያ ተሰቅሏል። ከሥሩ ረጅም ቦት ጫማ ቆሟል። አጠገቡ በተሰቀለው ፎቶ ውስጥ ዓባይነህ እንደ ጥንት ካውቦይ ከለበሱ ሠላሳ ፈረንጆች መካከል ጥርሱን ገልጦ ይስቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በፈረንጆቹ 2009 መሆኑ ነው፣ ይህ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲያቆም የኖረ የፓርኪንግ ሠራተኛ አንድ ቀን ሽጉጥ ቤት ገብቶ የዱሮ ሥሪት ስድስት ጎራሽ ገዛ። የካውቦይ ተኩስ ክለብ ገብቶ ጨዋታው ሁለት ሽጉጥ ይጠይቃል ሲሉት ሁለተኛ ደገመ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ካውቦይ ለብሶ የብረት ዒላማ መተኮስ ሆነ ሥራው። ብረቱ «ድንግ!» ባለ ቁጥር እንደ ልጅ ይዘል ነበር። የአገሩ ሰው «ካውቦዩ መጣ!» እያለ ሳቀበት። እሱ መች ደንግጦ! «ጎልፍ ስትጫወቱ ዝም አልኳችሁ፤ እኔ ስተኩስ ምን ያንጨረጭራችኋል?» ይላቸዋል። ክለቡ ውስጥ ማንም በእውነተኛ ስሙ አይጠራም። ፈረንጆቹ የካውቦይ ስም ይምረጡ እንጂ እሱ የፈረስ ስም አወጣ፤ «አባ እምቢ» ተባለ።

«ሁለተኛይቱ የት አለች?» አለች ዘይነብ።

ቤዚ ከሣጥን አወጣቻት። «ይቺውልሽ። ፖሊስ የወሰደው አንዷን ነው። መቶ ጊዜ አስረድቶኛል መሰለሽ፤ ሳልወድ በግዴ ኤክስፐርት ሆኛለሁ። ቃታ ብቻ ብትስቢ አትተኩስም። በእያንዳንዱ ጥይት መጀመሪያ ይሄን ከኋላ ያለውን መቺ በአውራ ጣት መጎተት አለብሽ። ያኔ ባለ ስድስት ቀዳዳዋ መዘውር ዞራ አዲስ ጥይት ታቀርባለች።»

«መቺው ሳይሳብስ?»

«በእጅሽ ብትታገያት ንቅንቅ አትልም። ደግሞ ስድስቱንም አይሞሉም፤ ለጥንቃቄ አንድ ቀዳዳ ባዶ ይተዋሉ። ሕጋቸው ነው።»

ዘይነብ መዘውሯን ለማዞር ታገለች። እውነትም አልዞረችም። ከዚያ ፖሊስ ለቤዚ የሰጠውን ወረቀት ዘረጋች። ዲቴክቲቩ የመዘውሯን ስድስት ቀዳዳዎች እንደ ሰዓት ክብ አድርጎ ሥሏል። መቺው ያረፈበት ቀዳዳ ውስጥ ያልተተኮሰ ጥይት አለ። አጠገቡ የተተኮሰው ቀለህ። ሌሎቹ ሦስቱ ያልተተኮሱ፣ አንዱ ባዶ። ዘይነብ ሥዕሉን ደጋግማ አየችውና ስልክ ደወለች።

«አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ዲቴክቲቭ። ሥዕሉ ትክክል ነው?»

«ሽጉጡ ከእጁ ሳይወጣ፣ እኔ ራሴ ነኝ የሣልኩት። ጉዳዩ ግን ተዘግቷል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ዘይነብም ብትሆን የያዘችውን የምትለቅ ሴት አይደለችም። «እንግዲያው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ና» አለችው። «ካልመጣህ ስህተትህን ከጋዜጣ ታነበዋለህ።»

ወደ ቤዚ ዞረች። «እሑድ በሩን ቢያንኳኩ ሳይጠራጠር የሚከፍትላቸው እነማን ናቸው?»

«ሦስት ሰዎች። ወንድሜ ሥዩም፣ ጎረቤታችን ጀላልዲን፣ የልብ ጓደኛው ሠረቀብርሃን።»

«ሰሞኑንስ ምን ሆኖ ነበር?»

«እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ‹ሰው እንዲህ ይጨክናል?› ይላል። ምን ሆንክ ስለው ‹ሰኞ አንድ ቦታ እሄዳለሁ፣ ከዚያ እነግርሻለሁ› አለኝ። ዲቴክቲቩ ይሄን ሲሰማ ‹ድብርት ነው› ብሎ ጻፈ።»

«የሚሞት ሰው ለሰኞ ቀጠሮ አይዝም» አለች ዘይነብ።

ሥዩም ከስፕሪንግፊልድ መጥቶ ለቅሶ ላይ ስለነበር መጀመሪያ እሱን ኮሪደር ላይ ያዘችው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከዓባይነህ ጋር በኮፍያው ምክንያት ተጣልቷል።

«እትዬ፣ እኔ የጠላሁት ኮፍያውን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም። ፒክቸሩን ፌስቡክ ላይ ፖስት ሲያደርግ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ኢምባረስ አደረገኝ፣ በቃ።»

«እሑድ የት ነበርክ?»

«ሥራ። ምሳ ሰዓት፣ ላንች ላይ ግን መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ ነበር። ማንም አላየኝም። ጋን፣ ሽጉጥ ማለቴ ነው፣ በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም።» ይህን ሲል እንባው መጣ፤ አፍሮም ፊቱን አዞረ።

ጀላልዲን ቤቱ ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ታክሲ ይነዳል።

«ስምንት ሰዓት ላይ ድምፅ ሰምቻለሁ፣ ዘይኔ። ወላሂ ቴሌቪዥን መሰለኝ! ሮጬ ብገባ ኖሮ...»

«ከማን ጋር ይውል ነበር?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ሠረቀብርሃን ነው በታክሲው ወደ ተኩሱ የሚወስደው። አሁን ግን ታክሲዋ ጋራዥ ከገባች ሦስት ሳምንቷ። አጋዘን ገጨሁ ነው ያለኝ።»

«አንተስ ተኩሰህ ታውቃለህ?»

«እኔ ከሚስቴ ምላስ ሌላ የምፈራው መሣሪያ እሱን ነው።»

ዘይነብ ሜትሮ ይዛ ሠረቀብርሃን ወደሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደች። ከባቡር ወርዳ ስትራመድ የመብራት እንጨት ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየች። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ባለብስክሌት ሽማግሌ ገጭቶ የገደለና ያመለጠ መኪና ያየ ሰው እንዲደውል ይጠይቃል። ቀኑን በልቧ ያዘች።

ሠረቀብርሃን የሰበካ ጉባኤው አባል ነው። ፍትሐት አይደረግም የሚለውን ቃል ከሁሉ አስቀድሞ ያነሣው እሱ ነበር።

«ወይዘሮ ዘይነብ፣ ልቤ ደምቷል» አላት። «ሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ነው። ግን ቤተ ክርስቲያን ለወዳጅ ተብሎ ሥርዓቷን አትሽርም። እርስዎ ደግሞ በእኛ ሃይማኖት ባይገቡ ጥሩ ነው።»

«በሃይማኖታችሁ አልገባሁም፤ የገባሁት በሬሳው ነው። እርስዎ አብረውት ይተኩሱ ነበር?»

«እኔ? ይሄ መስቀል የሚስም እጅ ነው! አድርሼው መኪና ውስጥ እጠብቀዋለሁ እንጂ ሽጉጡን ነክቼ አላውቅም።»

ስትመለስ ከባቡሩ ውስጥ ክለቡ ዘንድ ደወለች። ስልኩን ያነሣው ሽማግሌ አለቀሰላት። ዓባይነህ በጋውን ሙሉ አንድ የአገሩን ሰው በእንግድነት እያመጣ ያሠለጥን እንደነበረ ነገራት። «መዝገቡ ላይ ‹አባ እሺ› ነው የሚለው፤ አባ እምቢ ራሱ ነው ያወጣለት። ትልቅ ኮፍያ፣ ጥቁር መነጽር። ፈጣን ነው! እጁ እንደ አባ እምቢ እጅ ሆኖ ነበር።» ፎቶ ልላክልህ ብትለው «ኢሜይል የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም» አላት። ቀብሩ ነገ ነው፤ ሽማግሌውን የምታመጣበት ጊዜ አልነበራትም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም የቤዚ ሳሎን ተሰበሰቡ። ሦስቱ ወንዶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቀሲስ በፈቃዱ መስቀላቸውን ይዘው ጥግ ላይ ናቸው። ዲቴክቲቩ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ቤዚ ጥቁር ለብሳ አንገቷን አልደፋችም። ዘይነብ ሁለተኛይቱን ሽጉጥ ለዲቴክቲቩ ሰጠችው፤ ባዶ መሆኗን አይቶ መለሰላት።

«ሦስታችሁም ሽጉጥ ነክታችሁ እንደማታውቁ ነግራችሁኛል» አለች። «አሁን በየተራ ግድግዳው ላይ አነጣጥሩና አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተኩሱ።»

«ይሄ ለቅሶ ቤት ነው!» አለ ሠረቀብርሃን።

«የለቅሶው ባለቤት እኔ ነኝ» አለች ቤዚ። «ይተኮስ።»

ሥዩም ቃታውን ሳበ። ምንም የለም። «ብሮክን ናት እንዴ?» ዘይነብ መቺውን ጎትት አለችው። ጎተተ፣ ቃታ ሳበ፣ ቀጭ አለች። እንደ ትኩስ ድንች መልሶ ሰጣት። ጀላልዲን «አዑዙ ቢላህ» ብሎ በሁለት እጁ ያዛት፤ መቺውን ታግሎ ጎተተ፣ ቀጭ አደረገ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧት እጁን በሱሪው ጠረገ።

ሠረቀብርሃን ተራው ደረሰ። ቃታውን ሳበ። «አይሠራም» አለ።

«ሁለት ሰዎች መቺውን ሲጎትቱ እያዩ?» አለች ዘይነብ ረጋ ብላ። «ይጎትቱት እንጂ።»

ሠረቀብርሃን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ እንደ ጀማሪ ጎተተ። ቃታውን ሳበ። ቀጭ! ዘይነብም ወዲያው «አባ እሺ!» ብላ ጮኸች። ሰውየው ክው አለ፤ በዚያው ቅጽበት የግራ እጁ አውራ ጣት፣ ማንም ሳያዘው፣ መቺውን ወደ ኋላ ጎትቶት ነበር። ሽጉጧ እጁ ላይ ለሁለተኛ ተኩስ ተዘጋጅታ ቆመች።

ዘይነብ ሽጉጧን ከእጁ ተቀብላ መቺዋን ቀስ አድርጋ መለሰችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል፤ አወጣው።

«ነገርን ከሥሩ ልንገራችሁ» አለች ዘይነብ፣ ለዲቴክቲቩ በእንግሊዝኛ እየደገመች። «ዲቴክቲቭ፣ ሥዕልህን ተመልከት። ሰው አንድ ጊዜ ተኩሶ ሲሞት መቺው የሚያርፈው በተተኮሰው ቀለህ ላይ ነው። አንተ የሣልከው ግን ያልተተኮሰ ጥይት ላይ ነው። የተተኮሰው አንድ ቀዳዳ አልፎ ሄዷል።»

«በድንጋጤ የዞረ መስሎኝ ነበር» አለ ዲቴክቲቩ።

«በእጅህ አዙራት እስቲ።» ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሽጉጥ አንሥቶ ሞከረ፤ አልዞረችም። ፊቱ ቀላ። «መቺው ሳይሳብ አትዞርም» አለች ዘይነብ። «ስለዚህ ዓባይነህ ከሞተ በኋላ አንድ ሰው መቺውን ስቧል። የሞተ ሰው አውራ ጣት የለውም። ለምን ሳበ? ሊተኩስ አይደለም፤ አንዱ በቅቶታል። የሳበው እጁ ስለለመደ ነው። እነዚህ ሰዎች ለፍጥነት ብለው አንዱን እንደተኮሱ ሳያስቡ ለሚቀጥለው ይስባሉ። ከዚያ የተሳበ ሽጉጥ ሬሳ እጅ ላይ መተው እንደማይሆን ገባውና መቺውን ቀስ አድርጎ መለሰ። ጥይት ላይ አረፈለት። ያጎረሰውም አምስት ብቻ ነው፤ ሕጉን ያውቃላ! ክለቡ ከዓባይነህ ጋር የሠለጠነ አንድ ያገራችን ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ሥዩምና ጀላልዲን አንድ ብዬ አንድ አደረጉ። አቶ ሠረቀብርሃን፣ እርስዎን አንድ ብልዎት እጅዎ ሁለት አለ።»

«እጄ አምልጦኝ ነው! ጮኸሽ አስደነገጥሽኝ!»

«ያልለመደ እጅ ሲደነግጥ ይጥላል እንጂ አይስብም። ይልቅ ይንገሩኝ፤ ታክሲዎ የገጨችው አጋዘን ብስክሌት ትነዳ ነበር?»

ሠረቀብርሃን ወንበሩ ላይ ተዝረፈረፈ። ሲናገር ድምፁ ከሆዱ የወጣ አይመስልም ነበር።

«አላየሁትም፤ ከገጨሁት በኋላ ነው ያየሁት። ፈራሁና ነዳሁ። የተሰበረውን መብራት ዓባይነህ አየ፤ ወረቀቱንም አነበበ። ‹ወይ አንተ ወደ ፖሊስ ሂድ፣ ወይ ሰኞ እኔ እሄዳለሁ› አለኝ። ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅኩ። ልጆች አሉኝ አልኩት። ‹ሽማግሌውም ልጆች አሉት› አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ አንደኛዋን ሽጉጥ ይወለውል ነበር፤ ሌላይቱና ጥይቶቹ አጠገቤ...» አልጨረሰውም። «እሺ ቢለኝ ምን ነበረበት?»

ቤዚ ተነሥታ ፊቱ ቆመች። ዘይነብ ትመታዋለች ብላ ፈራች። አልመታችውም።

«መግደልህ ሳያንስ ለነፍሱ ጸሎት ልትከለክለው ነበር» አለችው። «ሥርዓት እያልክ! ውሸትህን ባሌን ፍትሐት ነሥተህ ልትሸፍን! አላፈርክም?»

ዲቴክቲቩ የኑዛዜውን አማርኛ ባይሰማም የሆነው ገብቶታል። ካቴናውን አውጥቶ ቀረበ። ቤዚ መዳፏን ዘርግታ አቆመችው።

«ዌይት» አለችው። ወደ ካህኑ ዞረች። «አባ፣ ራሱን አልገደለም።»

«አልገደለም፣ ልጄ» አሉ ቀሲስ በፈቃዱ። ዐይናቸው እንባ ሞልቷል። «ይቅር በይን። ነገ ሙሉ ፍትሐት ይደረግለታል።»

«ነገ ይደረጋል፤ መጀመሪያው ግን አሁን ነው። እዚሁ። ይሄ ሰውዬ ሳይወሰድ።»

ዲቴክቲቩ ዘይነብን አየ። ዘይነብ አስረዳችው። ካቴናውን እንደያዘ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። ቀሲስ በፈቃዱ መስቀላቸውን አነሡ፤ ሥዩምና ጀላልዲን ቆሙ፤ ዘይነብም ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። ሠረቀብርሃን ብቻ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ እንደተቀመጠ ቀረ።

«ተነሥ!» አለችው ቤዚ። «ለዓባይነህ ነው።»

ተነሣ።