ምንም የማይል ፍራሽ

«ፍራሽ ነው የምትደበድቢው ወይስ የሒሳብ አስተማሪሽን?» አሉ አያቷ ጣራው ላይ ከተዘረጋው ጥላ ሥር።

ልጅቷ ዱላውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ጥጡ ላይ አሳረፈችው። ብናኙ ተነሥቶ ቅንድቧ ላይ፣ አፍንጫዋ ላይ፣ ከጎኗ የቆመው ታናሽ ወንድሟ ጸጉር ላይ ዐረፈ። ወንድሟ የፊት ጥርሶቹን እንኳ ሳያበቅል ሸበተ።

«አባባ፣ ይዩኝ! እርስዎን መሰልኩ!»

«መልክስ መሰልክ፤ ጡረታውን ከየት ታመጣለህ?» አሉት።

ፍራሽ የሚፈታው በዓመት አንዴ ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የቆላው ከተማ ፀሐይ አናት ስትበሳ። ዓመቱን ሙሉ ተኝተውበት ድንጋይ የሆነው ጥጥ ከጨርቁ ይወጣና ጠፍጣፋው የቤት ጣራ ላይ ይሰጣል፤ በዱላ ይመታል፣ በእጅ ይፍታታል፣ የታጠበው ጨርቅ ውስጥ ተመልሶ ይሰፋል። ሥራው አይከብድም። ብቻ አያልቅም። ለልጅቷ ደግሞ ከማያልቅ ነገር የባሰ ጠላት የለም። የመዝገብ ስም አላት፤ ቤት ውስጥ ግን ሁሉም «ቶሎ» ነው የሚላት። እናቷን ሐኪም ቤት ሊያደርስ የመጣው ታክሲ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን እየነፋ፣ እሷ ሳሎን ውስጥ ተወለደች። ከዚያ ወዲህ ማንንም ጠብቃ አታውቅም።

የዚያን ሳምንት የሚያቻኩላት ነገር ነበራት። የእናቷ ታላቅ እህት ሐይቅ ዳር ነው የምትኖረው። ከቤቷ በር እስከ ውሃው በባዶ እግር ይኬዳል። ጀልባ አለ። የአክስቷ ልጅ እኩያዋ ናት፤ ከዓመት ዓመት ፎቶ እየላከች አንጀቷን ስታቃጥላት ኖራለች። ዘንድሮ አክስቷ ደውላ «ቅዳሜ ጠዋት በዚያ በኩል ስለማልፍ ይዣት እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ ግን መመላለሻ የለኝም» ብላለች። እናቷ እሺ አለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ጨመረችበት፦

«ፍራሹ ሳያልቅ ግን ንቅንቅ የለም!»

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሌላው ያርፋል፤ እሷ ግን የመጪውን ዓመት ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከታች የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቀኑን ሙሉ አይቋረጥም። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ፍራሽ በሚፈታበት ሳምንት ሁልጊዜ ረጅም መንገድ ይደርሰዋል። እንዴት እንደሚደርሰው ማንም አልጠየቀም።

የሁሉም ጥጥ ለየብቻ ነው የሚሰጣው። አያቷ የራሳቸውን ፍራሽ ሁልጊዜ ራሳቸው ነበር የሚፈቱት፤ ማንንም አያስነኩም። ዘንድሮ ጉልበታቸው ደረጃውን በስንት መከራ አወጣቸው። ጣራው ላይ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲመሩ ቆዩና፣ የእሳቸው ተራ ሲደርስ እንቅልፍ አሸንፏቸው አንገታቸው ዘንበል ብሎ ነበር። ልጅቷ አልቀሰቀሰቻቸውም። ስፌቱን ፈታች፣ ጥጡን አወጣች። ከጥጡ ሥር ሌላ ነገር አገኘች፦ ቢጫ፣ ደረቅ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ቅጠል። በቆሎ እሸት ተጠቅልሎበት የሚመጣው ሽፋን ነው።

«እማዬ! የአባባ ፍራሽ ውስጥ ጉድ አለ!»

የስፌት መኪናው ድምፅ እናቷን ምን እንዳሰማት እንጃ። «ቆሻሻውን ለይተሽ ጣይ!» የሚል ድምፅ ከታች መጣ።

እናቷ ቆሻሻ የምትለው የጥጥ ፍሬና የተቋጠረ ክር ነው። ልጅቷ ግን ትእዛዝ ስትፈልግ ትእዛዝ አገኘች። ቅጠሉን በጆንያ ጠቅጥቃ አወረደችው፤ የቆሻሻ መኪናውም ያን ቀን ብቻ በሰዓቱ መጣ። ጨርቁን በጥጥ ብቻ ሞልታ፣ በጆንያ መርፌ ራሷ ሰፋችው። ስፌቷ ሰካራም የሄደበት መንገድ ቢመስልም ጠበቅ ያለ ነበር።

ፍራሹ እስኪያልቅ ድረስ ቤተሰቡ ቀትር ላይ የሚጋደመው ሲሚንቶው ላይ ነው። እናቷ ወለሉ ላይ ውሃ ትረጫለች፣ የፊቱና የጓሮው በር ወለል ብሎ ይከፈታል፣ የስፌት መኪናው ዝም ይላል። አራቱም ሰዎች እግራቸውን ወደ ነፋሱ አድርገው ይዘረጋሉ። ወንድሟ ጉንጩን ወለሉ ላይ ለጥፎ እየዳኸ ያስሳል።

«እዚህ ጋ ይበልጥ ይቀዘቅዛል!»

ሁሉም እየተንፏቀቁ ወደዚያ ይሄዳሉ።

«አይ፣ እዚህ ጋ ይብሳል!»

«ይሄ ልጅ ዛሬ ከቤት ያስወጣናል» ይላሉ አያቷ፤ እየተንፏቀቁ።

ልጅቷ ያን ጊዜ ጣራውን እያየች የምታስበው ስለ ጀልባው ነበር።

ፍራሾቹ አልቀው ወደየአልጋቸው ተመለሱ። አያቷ ከምሳ በኋላ ጋደም ብለው ብዙም ሳይቆዩ ወጡ።

«እንዴት ነው አባባ፣ ፍራሹ?» አለች እናቷ፣ ከንፈሯ መሐል መርፌ እንደያዘች።

«ምንም አይልም» አሉ።

በዚህ ቤት ከዚህ የሚበልጥ ሽልማት የለም። እናቷ ጎረቤቱ ሁሉ ያጨበጨበለትን የሙሽራ ቀሚስ ሰፍታ ስታሳያቸው «ምንም አይልም» ብለዋል። ልጅቷ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ ካርዷን ስትሰጣቸውም መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አጥልቀው «ምንም አይልም» ብለዋል። ስለዚህ ልጅቷ ደስ አላት። ቦርሳዋን አውጥታ ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ግን አያቷ ቀትር ላይ ወንበር ላይ መተኛት አመጡ። እናቷ «ሙቀቱ ነው» አለች። በማግስቱም ወንበር ላይ ነበሩ። ዓይናቸው ሥር ከረጢት ተንጠለጠለ። ወንድሟ እንኳ «አባባ፣ ትኬት ሊቆርጡ ነው?» አላቸው፤ ድሮ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ስለነበሩ፣ ተቀምጠው ሲያንቀላፉ ባየ ቁጥር እንዲህ ይላቸዋል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ፎጣ ልትወስድ ክፍላቸው ገባች። አያቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። መዳፋቸውን ፍራሹ ላይ ይጫናሉ፣ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፣ ደግሞ ይጫናሉ፤ ደረት የሚያዳምጥ ሐኪም ነው የሚመስሉት።

«አባባ? አልተመቸዎትም እንዴ?»

«ለስላሳ ነው። እጅሽ ይባረክ።»

«ታዲያ ለምን አይተኙበትም?»

«ነገርኳችሁ እኮ» አሉ። «ምንም አይልም።»

ልጅቷ ተመልሳ ልትወጣ ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ቃሉ ዞሮ መጣባት። ምንም አይልም። ደህና ነው ማለታቸው አልነበረም። ምንም አይልም ማለታቸው ነበር። ድምፅ የለውም።

ቀስ ብላ ዞረች። «ቅጠሉ…»

«አያትሽ ናት የሞላችው» አሉ አያቷ፣ ነገሩን እንዳያከብዱት ድምፃቸውን ቀለል አድርገው። «ሥራ አድሬ ስመጣ ቀስ ብዬ ልተኛ እላለሁ፤ ፍራሹ ያሳብቅብኛል። ኮሽ ሲል ‹መጣህ?› ትላለች። እሷም ስትገላበጥ እኔ እሰማለሁ። በኋላ ብቻዬን ስሆን… እንግዲህ እኔው ተገላብጬ እኔው እሰማዋለሁ። ሰው ያለ ይመስላል። የሽማግሌ ነገር ነው፤ ተይው።»

«እኔ ነኝ የጣልኩት። ቆሻሻ መስሎኝ።»

«ዐውቃለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር? ቁጭ ብለሽ ታለቅሻለሽ፤ እናትሽ ትቆጣሻለች፤ ጉዞሽ ይበላሻል። እኔ ከአንድ ከተማ እስከ ሌላው ቆሜ የተኛሁ ሰው ነኝ፤ ወንበር ያቅተኛል? ሂጂ ዋኚ። ለእናትሽም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ልጅቷ ከቤት ወጥታ እየሮጠች መንገዱ ጥግ ላይ በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ጋ ሄደች። ከሰሉ እየጠፋ ነበር።

«የኔ እናት፣ የበቆሎውን ሽፋን የት ነው የምትጥይው?»

«ምነው፣ ፍየል ገዛችሁ?»

«ለፍራሽ ነው።»

ሴትዮዋ ማራገቢያዋን አስቀመጠች። «ዛሬ ያለውን መኪናው ወሰደው። ነገ በጠዋት ጭነት ይወርድልኛል፤ ስልጠው አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ንጹሑን ለይተሽ ውሰጂ። ስሚ ግን፤ ፀሐይ ላይ ካሰጣሽው ይፈረፈራል። ጥላ ላይ ነው። ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ አለብሽ፣ አለዚያ ይሻግታል። ድምፅ የሚያወጣው ቀስ ብሎ ከደረቀ ነው።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እሱ ሲፈልግ ነዋ!» አለች ሴትዮዋ።

ልጅቷ ወደ ቤት የተመለሰችው በእርምጃ ነው። ወንድሟ ማገላበጡን ለአንድ ቀን ቢያስታውስ በሁለተኛው ይረሳዋል። እናቷ ዩኒፎርም ውስጥ ሰጥማለች። የአያቷ ጉልበት ጎንበስ ቀና ማለት አይችልም። ከሐይቁ ስትመለስ ታደርገዋለች እንዳትል፣ ስትመለስ ትምህርት ተከፍቷል፣ በቆሎውም አልፏል። ሐይቁ ደግሞ… ሐይቁ ከበር እስከ ውሃው በባዶ እግር ነው።

አደባባይ ለወጣ ጥፋት ይቅርታ መጠየቅ ይቀላል። ይሄኛውን ግን ከአያቷ በቀር ማንም አላወቀውም። ነገ መኪናው ውስጥ ብትገባ፣ አንድም ሰው «ለምን ሄድሽ?» አይላትም። ያስቸገራትም ይኸው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የአክስቷ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ቦርሳዋ በሩ ላይ ነበር፤ እሷ ግን አልነበረችም። እናቷ «የት ሄደች ይቺ ልጅ? እሷ ናት እንዴ የምትጠበቀው?» እያለች ስትዞር፣ ልጅቷ ከመንገዱ ጥግ ብቅ አለች። ከወገቧ እስከ አገጯ አረንጓዴ ቅጠል ታቅፋለች። ከኋላዋ ወንድሟ፣ የእሱ ፊት ጨርሶ የማይታይበት ሌላ ክምር ይዞ ይከተላታል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናቷ። ከዚያ ቅጠሉን አየች። ደጃፉ ላይ የቆሙትን ሽማግሌ አባቷን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አልነገርሽኝም! ጣልሽው? ያንን?»

«ነግሬሽ ነበር። ቆሻሻውን ጣይ አልሽኝ።»

«እኔ? መቼ?»

«ተዉ እስቲ ልጅቷን!» አሉ አያቷ። «በጠዋቱ ችሎት አታቁሙብኝ።»

አክስቷ ከመኪናው ወርዳ ነገሩ እስኪነገራት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቆመች። ቅጠል አንሥታ አሸተተች። ፍራሹን የሞላችው የእሷም እናት ናት። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባባ፣ እኔ ስፖንጅ እገዛልዎታለሁ። ሐኪም የሚያዝዘውን ዓይነት።»

«ሐኪሙ ራሱ ይተኛበት» አሉ አያቷ።

«በይ እንግዲህ፣ ቅጠሉን ለእነሱ ስጪና ግቢ» አለቻት አክስቷ ወደ ልጅቷ ዞራ። «ፀሐይዋ ሳትከር እንሂድ። ልጄ ከትናንት ጀምሮ ስታዜም ነው ያደረችው።»

ልጅቷ ቅጠሉን እንደታቀፈች ቆመች። ክንዷን ይበላታል። መኪናው ሞተሩ አልጠፋም፤ የኋላው መስኮት ክፍት ነው፣ መቀመጫው ላይ ዓሣ የተሳለበት አዲስ ፎጣ ተቀምጧል። ለእሷ የተገዛ መሆኑ ያስታውቃል።

«ዘንድሮ አልመጣም፣ አክስቴ።»

«እንዴት አትመጪም? እዚህ ምን አለሽ?»

ልጅቷ መልስ ፈለገች። ውሃ የተረጨ ሲሚንቶ አለኝ ብትል ይስቁባታል። ቀትር ላይ ሁለቱም በር ሲከፈት የሚመጣው ነፋስ፣ የእናቷ የስፌት መኪና ዝም ሲል ቤቱ የሚተነፍሰው ነገር፣ ወንድሟ እየዳኸ የሚያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ፤ እነዚህ ሁሉ አፏ ላይ መጥተው ሊነገሩ ሲሉ ከምንም የማይቆጠሩ ሆኑ። ስትኖርባቸው ግን ምንም አልነበሩም ማለት አይቻልም። እንዲህ መሆናቸውን ራሷም ገና አሁን ማወቋ ነው።

«የሚገላበጥ ነገር አለኝ» አለች።

አክስቷ እናቷን አየች። እናቷ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር። አክስቷ ወደ መኪናው ሄዳ ፎጣውን አወጣችና የልጅቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው። መኪናው ጥጉን ዞሮ እስኪጠፋ ልጅቷ ቆማ አየችው። አላለቀሰችም፤ ማልቀስ ግን ፈልጋ ነበር።

አያቷ ከቤቱ በስተጀርባ ባለው ጥላ ውስጥ ወንበራቸውን አስወጥተው ጠበቋት።

«ማን ነው ቅሪ ያለሽ?» አሏት ኮስተር ብለው።

«ማንም።»

«በኋላ በእኔ እንዳታመኻኚ።»

«አላመኻኝም።»

አያቷ ከክምሩ ላይ አንድ ቅጠል መዘው በሁለት ጣታቸው መሐል አሻሹት፤ ከዚያ ወንበራቸውን ለእሷ ቦታ እንዲሆን ወደ ጎን ሳብ አደረጉ።

«በይ፣ ወፍራሙን ለብቻው አድርጊ» አሉ። «ስሱን ወደዚህ።»

ልጅቷ አዲሱን ፎጣ መሬት ላይ ዘርግታ፣ ስሱን ቅጠል አንድ በአንድ እየለየች ትደረድርበት ጀመር።