ግንባር ላይ የተለጠፈች ሃያ ዶላር

«ሐሴት! ቀጣዩን አስገቢልኝ፣ ያቺን የመርከበኛውን ዘፈን!» አለ አባቷ።

ሐሴት ከኬሚስትሪ ወረቀቷ ቀና ሳትል ጣቷን ወደ ታብሌቱ ሰደደች። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ካናዳ ውስጥ፣ ፊንች ጎዳና ካለ የገበያ ፕላዛ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮት በሌላት የካራኦኬ ክፍል ውስጥ አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ምን ትሠራለች? በየሳምንቱ ራሷን የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር። ጓደኞቿ ሞል ናቸው። መክሊት ሆን ብላ ይመስል ፎቶ ላይ ፎቶ ትልክላታለች። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆስፒታል ተረኛ ናት፤ አባቷ ደግሞ ታብሌት ላይ ዘፈን መፈለግ አይሆንለትም። ስለዚህ የሐሴትን ቅዳሜ እሷ ልትወለድ ቀርቶ እናትና አባቷ ገና ሳይጋቡ የወጡ የጃፓን ዘፈኖች ይበሉታል።

ነገሩ የጀመረው በጃፓናዊው በሚስተር ሞሪታ መኪና ውስጥ ነው። እሳቸውና አባቷ ሃብታሙ ኤርፖርት አጠገብ ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ የሚያዘጋጅ ኪችን ውስጥ አብረው ይሠራሉ። ጠዋት ጠዋት ሬክስዴል፣ እነሐሴት ቤት ብቅ ይሉና ይዘውት ይሄዳሉ፤ በመንገድ ላይም በወጣትነታቸው የወደዷቸውን ዘፈኖች ይከፍታሉ። አንድ ቀን አባቷ «ይሄ እኮ የኛው ትዝታ ነው! ቅኝቱን ስሚው!» እያለ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው! ሚስተር ሞሪታ ግጥሙን ቀስ ብለው ይሉለታል፣ እሱ በአማርኛ ፊደል ይጽፋል። ትርጉሙን በግምት ነው የሚያውቀው፤ ሲዘፍን ግን አንጀቱ የሚንሰፈሰፈው የገባው ያህል ነው።

«አባዬ፣ ቤት መቼ ነው የምንሄደው? አይ ሃቭ ኤ ቴስት።»

«አንድ ዘፈን ብቻ።»

«ባለፈውም ዋን ሶንግ ብለህ እስኪመሽ ቆየን!»

«በይ አትነጫነጪ። ዛሬ ሞሪታ ሊዘፍን ነው።»

ይህ እንኳ አዲስ ነገር ነበር። ሚስተር ሞሪታ ያስተምራሉ፣ ያጨበጭባሉ እንጂ ዘፍነው አያውቁም። የሥራ ባልደረባቸው ፊሊፒናዊቷ ቴሲ እንኳ ስልኳን አስቀምጣ ተስተካክላ ተቀመጠች። ሚስተር ሞሪታ ተነሱ፣ ሸሚዛቸውን አስተካከሉ፣ ማይክራፎኑን በሁለት እጃቸው ያዙ። ዘፈኑ በረዶ በሸፈነው ባቡር ጣቢያ ቆሞ ሰው ስለሚጠብቅ ሰው ነው። ድምፃቸው ትንሽ ነበረች። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ እሳቸው ግን አላቋረጡም። ሐሴት ሳታስበው እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

በዚህ ጊዜ ነው አባቷ ብድግ ያለው። እጁ ወደ ኪሱ ሲገባ ሐሴት ገባት።

«አባዬ፣ ኖ! ኖ!» አለች በሹክሹክታ።

ማን ሊሰማት! አባቷ ትከሻውን እየሰበቀ ሚስተር ሞሪታ ዘንድ ደረሰና አንዲት ሃያ ዶላር ግንባራቸው ላይ ለጠፈ። የካናዳ ብር ላስቲክ ነገር ስለሆነ አልጣበቅ አለው፤ እሱም ተስፋ ሳይቆርጥ በአውራ ጣቱ ጫን አደረጋት። ሚስተር ሞሪታ ዘፈናቸውን አቆሙ። ሃያ ዶላሯ አፍንጫቸውን ታክካ ምንጣፉ ላይ ወደቀች።

ሙዚቃው ዘፋኝ አልባ ሆኖ ቀጠለ። ሚስተር ሞሪታ ማይክራፎኑን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡ፣ ጃኬታቸውን አነሱ፣ «ደህና ዋሉ» ብለው ወጡ።

ቴሲ በእንግሊዝኛ ጮኸች። «ሃብታሙ፣ ሰውየው እያለቀሱ እኮ ነበር!» ከዚያ ወደ ሐሴት ዞረች። «ምን ማለቱ ነው? እየቀለደባቸው ነው?»

ሐሴት መልሱን ታውቃለች። በየሰርጉ ስታየው ነው ያደገችው፤ ዘፈን ልቡን የነካው ሰው ተነስቶ ዘፋኙን ይሸልማል፣ ክብር ነው። ይህን ለቴሲ ለመንገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። ግን ፊቷ በእፍረት ነዶ፣ ከዚያች ክፍል ከመውጣት ሌላ የምትፈልገው አልነበራትም።

«አይ ዶንት ኖው» አለች። «እሱ እንዲህ ነው።»

በአውቶቡስ ሲመለሱ አባቷ ሃያ ዶላሯን በጣቶቹ መካከል ሲያገላብጥ ቆየ።

«ምን አጠፋሁ?» አለ በመጨረሻ።

«ሰው ፊት ላይ ገንዘብ አይለጠፍም፣ አባዬ! ሰውየው ለማኝ ናቸው? ኢምባረስ አደረግከን!»

«ለማኝ?» አባቷ ቃሉን ሰምቶት የማያውቅ ያህል ደገመው። «እኔ እኮ ሆዴን ባር ባር ቢለኝ ነው።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ። «አንቺም ያኔ እንዲሁ ብለሽኛል።»

«ያኔ» ያለው መቼ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ትንሽ ልጅ ሳለች ሳሎን ውስጥ ስትዘፍን አባቷ አምስት ዶላር ግንባሯ ላይ ይለጥፍላታል፤ እሷም እንዳትወድቅባት ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ቤቱን ትዞራለች። አምስተኛ ክፍል ስትደርስ ይህንኑ በትምህርት ቤቱ ኮንሰርት መድረክ ላይ ወጥቶ ደገመው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ያን ቀን «ሁለተኛ እንዳትመጣብኝ!» አለችው። ሐሴት ዛሬም በትምህርት ቤቷ ኳየር ትዘምራለች፤ ፕሮግራም በኖረ ቁጥር ግን ለአባቷ «ወላጅ አይገባም» ትለዋለች። እሱም ለምን ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት የሚስተር ሞሪታ መኪና አልመጣችም። ሺፍት መቀየራቸውን በአጭር መልእክት አሳወቁ። አባቷ ሳምንቱን ሙሉ ገና ሳይነጋ እየተነሳ በሁለት አውቶቡስ ሥራ ሄደ፤ አላማረረም፣ ግን ማንጎራጎሩን ተወ። ማንጎራጎሩ ስንት ዓመት እንዳናደዳት የምታውቀው ሐሴት ራሷ ናት። አሁን ደግሞ ዝምታው አናደዳት።

ቅዳሜ ሲደርስ አባቷ ፍሪጁን ባዶ አድርጎ ማጠብ ጀመረ።

«እኔ ከእንግዲህ አልሄድም» አላት ፊቱን ሳያዞር። «ነፃ ነሽ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ተጫወቺ።»

ስትመኘው የኖረችው ይህንኑ አልነበር? መክሊት «ፋይናሊ!» ብላ ጽፋ የሚጨፍሩ ምስሎች ደረደረችላት። ሐሴት ወደ ሞል የሚወስደውን አውቶቡስ ይዛ ተቀመጠች። ደስታው ግን አልመጣ አለ። ዓይኗ ላይ የሚመላለሰው ሃያ ዶላሯ ስትወድቅ አባቷ ፊት ላይ ደርቆ የቀረው ፈገግታ ነበር፤ በአምስተኛ ክፍሉ መድረክ ላይም ያው ፈገግታ ነው ደርቆ የቀረው። በራሷ በገነች። በአባቷም በገነች፤ ምን አለ ቢጠይቅ? ምን አለ እንደ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያጨበጭብ?

አውቶቡሱ ፕላዛው ጋ ሲቃረብ የማውረጃውን ደወል ተጫነች።

የካራኦኬው ክፍል ውስጥ ቴሲና በልመናዋ የተመለሱት ሚስተር ሞሪታ ነበሩ። ስክሪኑ በርቷል፣ የሚዘፍን ግን የለም። ሐሴት በሩ ላይ እንደቆመች፣ ድፍረቷ ሳይከዳት በእንግሊዝኛ ተናገረች።

«አባቴ አልቀለደብዎትም። እኛ ጋ ዘፈን ልቡን የነካው ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው፣ አክብሮት ነው። ቴሲ ስትጠይቀኝ አውቅ ነበር። አፍሬ ነው አላውቅም ያልኩት።»

ቴሲ አፏን በእጇ ያዘች። ሚስተር ሞሪታ ከወንበራቸው ተነሱ።

«እኔ ‹በቃህ፣ ይህን ያዝና ውረድ› ያለኝ መስሎኝ ነበር» አሉ። «በዚህ ዕድሜ ሰው ፊት ሳለቅስ አይቶ።» ግንባራቸውን ዳሰስ አደረጉ። «አባትሽ አሁን የት ነው?»

«ቤት፣ ፍሪጅ እያጠበ።»

«ንገሪው» አሉ ማይክራፎኑን እያነሱ። «ዘፈኑን ገና አልጨረስኩም።»

ሐሴት ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ደወለች።

«አባዬ፣ ና። ሚስተር ሞሪታ ዘፈኑን ገና አልጨረስኩም እያሉህ ነው።»

የፍሪጁ በር ሲዘጋ ተሰማት። «ምን? አንቺ... እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ምን አልሻቸው?»

«ያው እውነቱን ነዋ።»

«መጣሁ» አለ። ድምፁ ተለወጠ። «በያቸው፣ መጣሁ!»

ስልኩን እዚህ ላይ መዝጋት ትችል ነበር። አልዘጋችውም።

«አባዬ። ሐሙስ ማታ የኳየር ፕሮግራም አለን። ወላጅ ይገባል።»

«አይገባም ብለሽኝ አልነበር?»

«ይገባል። ሁሌም ይገባ ነበር።»

ሐሴት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጫን አድርጋ ጠበቀች።

«ከኋላ ነው የምቀመጠው» አለ ቀስ ብሎ። «ከወንበሬ ንቅንቅ አልልም።»

ከውስጥ የባቡር ጣቢያው ዘፈን መግቢያ ተሰማ፤ ቴሲ ታብሌቱ ላይ እየሞከረችው ነበር። ሐሴት ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«አምስት ዶላር ያዝ» አለችው። «ሃያው ይበዛብኛል።»