የአቶ ሳህሉ አንሶላ

«ደም! መቶ አለቃ፣ ደም ነው!» ብለው ወይዘሮ ብዙነሽ ጮኹ።

መቶ አለቃ ወልደ ጊዮርጊስ እጅጌውን ሰብስቦ የሟች ባለቤታቸውን የአቶ ሳህሉን አንሶላ ሳፋ ውስጥ ያሻል። ፖሊስ ልብስ ሲያጥብ አይተን ስለማናውቅ፣ ግማሹ ሰፈር የግቢያቸው ግንብ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ደም አይደለም፣ እትዬ። ቅድም ቢጫ ነበር፤ ሳሙና ሲነካው ቀላ።»

አቶ ሳህሉ ጀርባቸው ላይ የወጣውን እባጭ ቤታቸው ካስቀደዱ በስምንተኛው ቀን፣ ቁስሉ መርቅዞ ሞቱ። የቀደደው ድሬሰር አባይነህ ነው። እኛ «ዶክተር» እንለዋለን፤ እሱም አርሞን አያውቅም። «እኔ ቆዳውን በአዮዲን አጽድቻለሁ፤ የገደላቸው የሸምሲያ ቅጠል ነው» አለ። ከርቤና ጤና አዳም አፍልተው ቁስል የሚያጥቡት የጀጎሏ አሮጊት ሸምሲያ፣ በዚህ ቃል ከታሰሩ ሦስት ቀናቸው። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። ሲወስዷቸው «እኔስ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ያላልን ጎረቤት የለንም።

«የእማማ ሸምሲያን መድኃኒት መቼ ቀባችኋቸው?» አለ መቶ አለቃው።

«እኔ እንጃ» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጎትተው። ዓይናቸው ግን ወደ መኝታ ቤቱ ሸሸ።

መቶ አለቃው ዓይናቸውን ተከትሎ ገባና ተንበረከከ። ከአልጋው ሥር አንድ ማሰሮ ጎትቶ አወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ፤ እኛም ከግንቡ ላይ ሆነን በተከፈተው መስኮት እናያለን። ሸምሲያንም ከጣቢያ አስመጣቸው።

«እማማ፣ ይህ የማነው?»

«ወላሂ የኔ ነው። በጄ በሊጥ ያሸግሁት። ሳይቀደድ ቆዳውን እጠቡበት ብዬ ሰጠኋት።»

«እሽጉ አልተነካም። ስለዚህ የእርስዎ መድኃኒት ሟቹን አልነካም። ታዲያ የነካቸው ምንድነው? አባይነህ፣ ያን ቀን የቀባህበትን ጠርሙስ ስጠኝ።»

አባይነህ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ፤ ኋላ ሰጠ። መቶ አለቃው ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አደረገና እርጥብ ሳሙና አሸበት። ቀላ።

«አዮዲን በሳሙና አይቀላም። እርድ ነው የሚቀላው። አልጫ የነካው ልብስ ያጠበ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም ላጤ ነኝ። ግን እርዱ አልገደላቸውም። የበጠበጥክበትን ውሃ አፍልተኸዋል?»

አባይነህ ጫማውን አየ። «ከበርሜል ነው የቀዳሁት። አዮዲን አልቆብኝ ነበር። ዶክተር ብለው ጠርተውኝ፣ የለኝም ማለት... አፈርኩ።»

«እርስዎስ፣ እትዬ?»

«ዶክተሩ ሲገባ ደነገጥኩ» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ። «የባላገር ነገር ብሎ እንዳይስቅብኝ ማሰሮውን አልጋ ሥር በእግሬ ገፋሁት። እሷን ሲያስሯት ደግሞ፣ በምን አፌ ላውጣው?»

ማንም ማንንም አላየም። ግንቡ ላይ የነበርነውም አንድ በአንድ ወረድን።

አባይነህ ቀና ሳይል፣ «እማማ፣ በዚህ ታጥበው ቢሆን ይተርፉ ነበር?» አለ።

ሸምሲያ ማሰሯቸውን አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«እንጃ ልጄ፤ አልጋ ሥር ሆኖ ግን አይሠራም።»